ስም ያልወጣላት ሳጥን

ጅዳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለጣይባ ሱሌይማን፣
ሸዋ ሮቢት፣ ከወንዙ ማዶ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ያንቺንና የልጅሽን የሙዐዊያን ጤና፣ የሰፈሩንም ሰው ደህንነት እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትና ከጅዳ ወበቅ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ወበቁንም የቆላ ልጅ ነኝና አልፈራውም።

ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ናጅዋ አዲስ አበባ ላይ አሳትማ በሹፌር እጅ ትልክልሻለች። ያንቺንም መልስ ፎቶ አንስታ ለእኔ ታደርሳለች። የሞባይል ኢንተርኔት ከጠፋባችሁ ወዲህ ሌላ መንገድ አጣሁ። ስልኩም አንድ ቀን ቢሠራ ሁለት ቀን ይዘጋል። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ባልሽ ገበያ እንደወጣ መቅረቱን የሰማሁት ሰው ሁሉ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሁለተኛ እንደዚያ መሆን አልፈልግም።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። እኔ እዚህ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ካሜራና ገመድ ነው የምዘረጋው። ከሥራ የተረፉ ትናንሽ የዋይፋይ ሳጥኖች ነበሩ፤ አለቃዬን ለምኜ ወሰድኳቸው። አብዱልሃዲ የሚባል የማጀቴ ሰው ወደ አገር ሲመለስ በልብሱ መሀል ጠቅልሎ ያመጣላችኋል። መድኃኒት ቤት ያለው ዓለሙ ከተማው ዳር የገመድ ብሮድባንድ አለው፤ የእሱ አልተቋረጠም። አንዱ ሳጥን በዓለሙ ጣራ ላይ ይወጣል፤ ሁለተኛው ያንን በሚያይ ጣራ ላይ፣ ሦስተኛውም ሁለተኛውን በሚያይ ጣራ ላይ። እንዲህ እየተቀባበሉ ወንዙን ተሻግረው እናንተ ጋ ይደርሳሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው በጎን ይቀበላል። የዓለሙን የወር ክፍያ ቤት ለቤት ትካፈሉታላችሁ። ዝርዝሩን ለሙዐዊያ ጽፌለታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። የእኔ ስልክ ላይ እያንዳንዱ ሳጥን እንደ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ይታየኛል። ቁጥር ቢሆንብኝ የማን ቤት እንደሆነ አላውቅም፤ ለየሳጥኑ ስም አውጡለት። ስም የሚወጣበት የይለፍ ቃል በሙዐዊያ እጅ ብቻ ይሁን። እኔ ማየቱ ይበቃኛል። ነጥቡ ሲበራ «ቤቱ ደህና አደረ» እላለሁ።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ።

አጎትሽ አብዱልሀኪም


ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሼ አብዱልሀኪም፣

ወዐለይኩሙሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበቱ? እኛ አላህ ይመስገን አለን። ደብዳቤዎ በማሾ ጫኞች መኪና ደረሰኝ፤ ሳጥኖቹም አንድም ሳይሰበር ገቡ። አብዱልሃዲ ምሳ ብላ ብንለው አሻፈረኝ ብሎ፣ እቃውን አውርዶ ወዲያው ወደ ማጀቴ ሄደ። እጁ ላይ ፈንጂ ያለ ነበር የሚመስለው።

ሙዐዊያ ያን ጊዜውኑ ሥራ ጀመረ። ከኛ ጣራ እስከ ጎረቤታችን እስከ ሚኪያስ ጣራ ድረስ ዓይን የሚከለክል የለም ብሎ ሁለቱን ሰቀለ። አልተያዩም። ሽቦውን ነካካ፣ ሳጥኑን አዟዟረ፣ ወረደ፣ ወጣ። ለካስ መሀል ላይ ያለውን ማሽላ ረስቶታል። ኮምቦልቻ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ እንደሚሄድ ጠፍቶት ነው እንጂ፣ የቀወት ልጅ በኅዳር እንዲህ ይሳሳታል? የሚኪያስ ሚስት ቅድስት ሆዷን ይዛ ሳቀችበት። መፍትሔውንም ያመጣችው እሷው ናት። ግሪሳ የምትጠብቅበት ማማ ማሳው መሀል ቆሟል፤ አንዱን ሳጥን ከትንሽ ሶላር ጋር እዚያ አናቱ ላይ አሰረው። አሁን ቅድስት ከሳጥኑ ሥር ተቀምጣ ወንጭፏን ታጮኻለች፤ እርስዎ ስልክ ሲደውሉ የሚሰሙት ጩኸት እሱ ነው።

የስሙ ነገር ግን ሰፈሩን ሊያጣላው ነበር። እርስዎ «ስም አውጡለት» አሉ፤ የኛ ሰው ደግሞ በቁሙ የራሱን ስም ጣራ ላይ መስቀል ትዕቢት መሰለው። ሁሉም «የአባቴን ጻፍልኝ» አለ። ሚኪያስ የአባቱን የነፍስ ኄር ገብረሚካኤልን አጻፈ። ሌላውም እንዲሁ። ሙዐዊያ የኛን «ጣይባ» ብዬ እጽፋለሁ ሲል ወንዱም ሴቱም ሳቀበት፤ የሴት ስም ጣራ ላይ ይወጣል እንዴ አሉት። እኔም አፍሬ የአባቴን ጻፍ አልኩት። እናም የኛው «ሱሌይማን» ተባለ። ልጄ አኮረፈ፤ «አንድ ቀን እጽፈዋለሁ» ብሎኛል።

ጋሼ፣ ደስታዎን ማበላሸት አልፈልግም። ግን ሳጥኑ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አላማረችኝም። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ ያያታል። ፈሪ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝ። የሙዐዊያ አባት ከቀረ ወዲህ ያለኝ ይህ ልጅ ብቻ ነው፤ ጣራ ለጣራ ሲሄድ ባየሁት ቁጥር ውረድ እያልኩ እጮኻለሁ። ገንዘብ አይላኩልኝ። መብራቷን የምሸፍንበት ጥቁር ናስትሮ ይላኩልኝ፤ እዚህ ያለው በፀሐይ ይለቃል።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ልጅዎ ጣይባ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ጣይባ፣

ሰላምና የአላህ በረከት በቤትሽ ይሁን። ደብዳቤሽ ሳቅም ጭንቅም ይዞ መጣ። ናስትሮውን ገዝቼ በመንገደኛ ልኬያለሁ፤ ናጅዋ ታደርስልሻለች።

ምን ልንገርሽ። ሁሉም ነጥቦች የበሩበትን ቀን አልረሳውም። መሰላል ላይ ሆኜ ስልኬን ሳወጣ «ሱሌይማን» የሚል አረንጓዴ ስም አየሁ። ወንድሜ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን በርቶ አየሁት። ከመሰላሉ ወርጄ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱብሂ ሶላት ቀጥሎ የማየው እናንተን ነው። ገብረሚካኤል አለ፣ ሱሌይማን አለ፣ የዓለሙ አባትም አሉ። ሁሉም ደህና አድረዋል እልና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ነገር ግን ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ጠፉብኝ። የናንተ፣ የሚኪያስና የማማው። መብራት ጠፋ እንዳልል እናንተ ጋ ያለው ሶላር ነው። ባትሪ ደከመ እንዳልል ሦስቱ አብረው አይደክሙም። ሲመለሱም ስም አልነበራቸውም። በስም የማውቃቸው ቤቶች ሁሉ በማግስቱ ቁጥር ሆኑ። በቪዲዮ ደወልኩ፤ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ፊትሽን እንኳ ወደ ካሜራው አላዞርሽም። ሙዐዊያን አቅርቢልኝ ብልሽ የለም አልሽ። የት ሄደ ብልሽ ኔትወርኩ ተቆራረጠ።

የኔ ልጅ፣ ሰው ሲዋሽ በስልክም ይታያል። ወይስ ሳጥኖቹን ሌላ ሰው እየነካካቸው ነው? በመስመሩ መናገር ካልቻልሽ በወረቀት ንገሪኝ። ሌሊቱን ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የማድረው።

አጎትሽ አብዱልሀኪም


ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሼ አብዱልሀኪም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደህንነትዎን ከአላህ እለምናለሁ። መልሴ ዘገየ፤ ሹፌሩ መንገድ ተዘግቶበት ከርሟል። በመስመሩም ያልነገርኩዎት ስለማላምነው ነው። በስንት ሰው ጣራ ላይ የሚያልፍ ወሬ ማን ጆሮ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ?

ያን ማክሰኞ ሦስቱን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ከቤት ቤት እየሮጥኩ ነቀልኳቸው። ማማው ላይ ያለውን ቅድስት ናት ያጠፋችው።

የሆነው እንዲህ ነው። ቅድስት አገዳ እየሰበሰበች ሳለ ባለጠመንጃዎች ከወንዙ ወጡ። የማን ወገን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ አንጠይቅምም። ጥላ ሥር አረፉ። አንደኛው ስልኩን አወጣና ኔትወርክ ሲፈልግ የኛ ሳጥኖች ስም ተደርድሮ መጣለት። ይነበባል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም፤ እርስዎ ብቻ የሚያዩት መስሎን ነበር። ሰውየው ቅድስትን ጠራት።

«ሱሌይማን የሚባለው የት ነው?» አላት።

«ሞቷል።»

«ገብረሚካኤልስ?»

«አማቴ ናቸው። እሳቸውም ሞተዋል።»

የቀሩትንም ጠራ። ቅድስት እውነቱን ነው የተናገረችው፤ ሁሉም ሞተዋል። ምን ታድርግ፣ የጻፍነው የአባቶቻችንን ስም ነው። ሰውየው ግን የምታሾፍበት ወይም ሰው የምትደብቅ መሰለው።

«የሞተ ሰው ስሙ ስልኬ ላይ ምን ይሠራል?» አላት። ማማውን አየ፤ ሳጥኑን አየ። ጓደኛው የስልኩን ገጽ ፎቶ እንዲያነሳው አድርጎ ስሞቹን አስቀረ። ሲሄድ «እነዚህን ሙታን የሰቀለ ሕያው ሰው አለ። ስንመለስ እሱ ይጠብቀን» አላት። አልተቆጣም፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ስሞቹን ወደ ቁጥር የለወጠው ሙዐዊያ ነው። ግን ፎቶው ከሰውየው ጋር ሄዷል። እነዚህ ሰዎች ለማን ያሳዩታል? አንዱ ወገን የሌላው ሰላይ ይለናል፤ ሌላውም ያንኑ ይለናል። ስሞቹ የእስላሙም የክርስቲያኑም ናቸውና ማንንም አያተርፉም።

ሙዐዊያ ከዚያ ቀን ወዲህ እቤት አያድርም። የት እንደሚያድር አልጽፍም። ቀን ቀን ይመጣና እንጀራ ጎርሶ ይሄዳል፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነስቶ ይቆማል። እኔም ከእሱ ጋር እቆማለሁ። ምን ላድርግ ጋሼ? ምክርዎን በቶሎ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ጣይባ


ጅዳ፣ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጣይባ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ረጅም ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘልኝም፤ ይቅር በይኝ።

ስም አውጡለት ያልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ሰው የሳጥኑን ስም እንደ ፈለገው ይጽፋል፤ የቡድኑን ስም፣ የድመቱን ስም። የሚያልፍ ሰው ሁሉ እንደሚያነበውም አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን እናንተ መንገድ ላይ ማን እንደሚያልፍ አላሰብኩም። የራሴን ዓይን ብቻ አሰብኩ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ሳጥኖቹን ሁሉ አውርዱ። የዓለሙንም ጭምር። አቃጥሏቸው፣ ወንዝ ጣሏቸው፣ እንደ ፈለጋችሁ። ከሁሉ በፊት ማማውን። እህሉ ገብቷል እኮ። የታጨደ ማሳ ላይ ማማ ቆሞ ሲያይ፣ የቆላ ሰው ሁሉ ግሪሳ እንደሌለ ያውቃል፤ ታዲያ ምን ይጠብቃሉ አይልም? እናንተ ለእኔ ስትሉ እንዳቆያችሁት ይገባኛል። አፍርሱት።

ሙዐዊያ ከዚያ ይውጣ። ወደ ናጅዋ ልላከው እንዳትዪ፤ የዘመድ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቅ ነው። ሰው በማያውቀው ቦታ ይሁን። የሚያስፈልገውን በናጅዋ በኩል እልካለሁ። አንቺም ውጪ። አደራ፣ አንቺም ውጪ።

ነጥቦቹ ሲጠፉ እንደማለቅስ አውቃለሁ። ግን ይጥፉ።

አብዱልሀኪም


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሼ አብዱልሀኪም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ስልክዎ ላይ አንድም ነጥብ አይኖርም። አይደንግጡ፤ እኛ ነን ያጠፋነው። ሚኪያስ ማማውን አፍርሶ እንጨቱን ለማገዶ ሰጠን። ዓለሙ የእሱን ራሱ አወረደ። ሳጥኖቹ የት እንዳሉ ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

ሙዐዊያ ሄዷል። በምን እንደሄደ፣ ወዴት እንደሄደ አልጽፍም፤ ግማሹን እኔም አላውቀውም። ስልኩን ጥሎ ነው የሄደው፤ ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚፈተሸው ስልክ ነውና። ግን አንዷን ሳጥን ይዟል። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ብትገኝብህ እሷ ናት የምታስገድልህ አልኩት። «ሌላ መንገድ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። የጎረቤታችን የፈሪሃ ልጅ ከጠፋ በኋላ ለእናቱ ደውሎ «ደህና ነኝ» ብሏት ነበር፤ በኋላ ስንሰማ ስልኩን ጆሮው ላይ የያዘለት ያገተው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሰፈር «ደህና ነኝ» የሚል ድምፅ የሚያምን እናት የለም።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። የያዛት ሳጥን ስም የላትም፤ ቁጥር ብቻ ናት። መስመር ያለበት ቤት ሲደርስ ይሰካታል፤ እርስዎ ስልክ ላይ ትበራለች። ቁጥሩ ብቻ ከበራ ግን አይመኑት፤ ሳጥኗ በሌላ እጅ ገብታ ይሆናል። ያን ጊዜ ዱዓ ያድርጉልኝ። ልጄ በነጻነት ከሆነ በተዋሰው ስልክም ቢሆን ስም ያወጣላታል። የትኛውን ስም እንደሆነ የምናውቀው እሱና እኔ ነን። ለእርስዎም አልጽፈውም፤ ወረቀት ይወድቃል። ሲያዩት ያውቁታል። ካዩት ይጻፉልኝ። ሌላ የምለምንዎ የለም።

እኔ አልወጣም ጋሼ። ቢመለሱና ቤቱን ባዶ ቢያገኙት ልጁን ተከትለው ይሄዳሉ። የሚጠብቃቸው ሰው ካገኙ ግን እዚህ ይቆማሉ። የሰቀልኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ሴትዮ ይህን ምን ታውቃለች እንዳይሉኝ ሙዐዊያ ከመሄዱ በፊት አስተምሮኛል። መሰካት፣ መንቀል፣ ሳጥኖቹ እንዴት እንደሚተያዩ፣ መብራቷ ቀይ ስትሆን ምን ማለት እንደሆነ፤ ሁሉንም አውቄዋለሁ። ትናንት ቅድስት እንደዚያ ሰውዬ ሆና ጠየቀችኝ፣ እኔ መለስኩላት። መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋን ቀስ አድርጋ «የሞተ ሰው ስሙ ስልኬ ላይ ምን ይሠራል?» ስትለኝ ሁለታችንም ሳቃችን ጠፋ። መልሱን ግን አልተሳሳትኩም።

እፈራለሁ። ፈሪ ነኝ ብዬዎት የለ። ውሃ ስቀዳ እፈራለሁ፣ ስሰግድ እፈራለሁ። ግን የምፈራው ለእሱ ስለሆነ መቆም አላቃተኝም።

ከበደልኩዎት አውፍ ይበሉኝ።

ጣይባ


ጅዳ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጣይባ ሱሌይማን፣

አላህ ይህችን ወረቀት በእጅሽ ያስገባት። ከዚህ የሚበልጥ ሰላምታ ዛሬ የለኝም።

ዛሬ ከዙሁር ሶላት በፊት አንድ ነጥብ በራች። ቁጥር ናት። ስም የላትም። ጣራ ሥር ገመድ እየሳብኩ ነበር፤ መቦርቦሪያው ከእጄ አመለጠ። የት እንደበራች ማወቅ አልቻልኩም፤ ቦታው አይታይም። ማን እንደሰካትም አላውቅም። ናጅዋ ጋ ደወልኩ፤ እኔ ጋ የለም አለችኝ። አንቺ ጋ ደወልኩ፤ ስልክሽ አይጠራም። ይህን የምጽፍልሽ እቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። ነጥቧ እፊቴ ናት። አረንጓዴ ናት፣ ቁጥር ናት። ሌላ ሰው ይዟት እያያት ይሆናል እላለሁ። ልጁ ደክሞት ተኝቶ ይሆናል እላለሁ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠራኝ፤ አልወጣሁም። ዱዓ ያድርጉልኝ ብለሽኛልና እያደረግሁ ነው።

ሚያዝያ 13

ደብዳቤውን አቋርጬው ነበር። ትናንት ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሆና ዋለች። ለአንቺ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳስብ ነው የዋልኩት፤ አልበራችም ልበልሽ ወይስ በራች ግን ስም የላትም ልበልሽ። የቱን ብጽፍ ገዳይ ሆነብኝ። ዛሬ ከሱብሂ በኋላ ሳያት ግን ቁጥሩ የለም።

ጣይባ ይላል።

የሴት ስም ጣራ ላይ ይወጣል እንዴ ብለው የሳቁበትን ስም ጽፎታል። እቤታችን ያሉት ሰዎች ምን ሆንክ እስኪሉኝ አለቀስኩ። ልጅሽ ደርሷል። ነጻ ነው። የሚገደድ ሰው ይህን ስም አይጽፍም፤ የሚያስገድደውም አያውቀውም። ሰማሽ? ደርሷል።

ይህን ልነግርሽ ስልክ ሞከርኩ፤ አሁንም አይጠራም። የቅድስትም አይጠራም። ዓለሙ አያነሳም። ናጅዋ ሹፌሩን ብታገኘው መንገዱ ከደብረ ሲና ወዲያ ተዘግቷል፣ ወረቀት የሚቀበልም የለም አላት። ደብዳቤው እሷ ጋ ይቀመጣል፤ መንገዱ በተከፈተ ሰዓት ይመጣልሻል። ደረሰኝ በይኝ። አንዲት ቃል ትበቃኛለች።

በፊት የናንተን ሰፈር በሙሉ ቤት ለቤት አየው ነበር። አሁን ስልኬ ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ ናት። ስምሽ በርቷል፤ አንቺ የት ነሽ?

አጎትሽ አብዱልሀኪም